የእናትየው ወገን

የልጄ ሠርግ አልፎ መልሱ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው የሙሽሪት አባት ሱቃችን መጣ። በርበሬ በረንዳን ያልለመደ ሰው ሲገባ ወዲያው ይታወቃል፤ ከሰላምታው ማስነጠሱ ይቀድማል። ሰውየው እህል በረንዳ ውስጥ ከጤፍና ከስንዴ ጋር የኖረ ነጋዴ ነው። አቧራ ያውቃል፣ የእኛን አቧራ ግን አያውቅም። ደጃፋችን ላይ መሀረቡን አፍንጫው ላይ ይዞ ሲያስነጥስ ቆየና ዓይኑን እየጠረገ፣

«እናንተ ሰዎች በምንድን ነው የምትተነፍሱት?» አለን።

«በልምድ ነዋ፣ የኔ ልጅ» አሉት አማቴ፣ የባሌ እናት። ከጆንያዎቹ መሀል ዱካ ላይ ተቀምጠው ዛላ በርበሬ እየቀነጠሱ ነበር። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሱቁን የያዝነው እኔና እሳቸው ነን። እኔ ሚዛኑን እቆጣጠራለሁ፣ እሳቸው እኔን ይቆጣጠራሉ።

በርጩማ አቀረብኩለት፣ አልተቀመጠም። ፊቱ የምሥራች ይዞ የመጣ ሰው ፊት ነበር። ሠርጉን እኛ ደግሰናል፤ መልሱን የሚደግሰው እሱ ነው፣ ሁለቱንም ወገን ጠርቶ።

«አዳራሹን ይዣለሁ፤ ዲጄም አለ» አለ። «ዲጄው ግን ለልጆቹ ነው። ለእኔና ለእናንተ አንድ አዝማሪ አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ካላሞገሰኝ ሳምንቱ ያለቀ አይመስለኝም። እዚህ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለበት። ሲዘፍን ዓይኑን ጨፍኖ ነው፤ ታዲያ ዓይኑን ጨፍኖም ኪስህ ውስጥ ያለውን ያያል!» ብሎ ሳቀ። «የሁለታችንንም ወገን ከነዘር ማንዘሩ እንዲያነሳልን ነግሬዋለሁ። የእኔን ያውቀዋል። የእናንተን እዚያው መጥቶ ይጠይቃችኋል።»

ጠባሳውን ሲያነሳ እጄ ሚዛኑ ላይ ቀረ። ያንን ጠባሳ አውቀዋለሁ። ልጆች ሳለን የመንደር ጎረምሶች «አዝማሪ! አዝማሪ!» እያሉ ሲወረውሩብን፣ ወደ እኔ የመጣውን ድንጋይ ወንድሜ በቅንድቡ ነው የመለሰው።

«ሰውየው ወርቅ ነው» አለ የሙሽሪት አባት ሊወጣ ሲል። «ልጅህን ስጠኝ አይበለኝ እንጂ፣ የፈለገውን ብሰጠው አይቆጨኝም።» በራሱ ቀልድ ሳቀ፣ አንዴ ደግሞ አስነጠሰና ሄደ።

አማቴ አልሳቁም። የያዙትን ዛላ መቀንጠሱን ትተው እኔን ያዩኝ ነበር።

እኔ የአዝማሪ ልጅ ነኝ። አባቴ አዝማሪ ነበር፣ አያቴም እንዲሁ። ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ማሲንቆ ያልተሰቀለበት ግድግዳ አልነበረም። እኔና ወንድሜ አዲስ አበባ ስንገባ እሱ ማሲንቆውን፣ እኔ ድምፄን ይዘን ነው፤ ሌላ የያዝነው ነገር አልነበረም። ጠዋት ጠዋት መርካቶን ተራ በተራ እየዞርን ለየባለሱቁ እንዘፍን ነበር። የሙያችን ደንብ እንዲህ ነው፦ አዝማሪው ሰውየው ፊት ይቆማል፣ ጎንበስ ብሎ ማንነቱን በጆሮው ይጠይቀዋል፣ የተነገረውን ይዞ ያሞግሰዋል። እንግዳው የራሱ ግጥም ካለው ደግሞ «ተቀበል!» ብሎ ይሰጣል፤ አዝማሪው ያንን ግጥም ተቀብሎ በማሲንቆ ይደግመዋል። አባቴ የተሰጠውን ግጥም ሳይቀበል ቀርቶ አያውቅም። ስድብም ቢሆን፣ ስድቡ ለራሱም ቢሆን፣ ተቀብሎ አሳምሮ ይዘፍነዋል። ኩራቱ ይህ ነበር፤ ሌላ የሚኮራበት ነገር ማንም አልሰጠውም።

አንድ ቀን በርበሬ በረንዳ ስንደርስ ዘፈኑ መሀል ላይ አስነጠሰኝ። ማስነጠሱ ወደ ሳል፣ ሳሉ ወደ እንባ ሄደ። አንድ ጎረምሳ ባለሱቅ እየሳቀ ውሃ አመጣልኝ። በማግስቱ ወንድሜን በዚያው እንመለስ አልኩት፤ ምክንያቱን ሳይጠይቀኝ እየሳቀ ተከተለኝ። ጎረምሳው ባሌ ሆነ። ለመናገር ቀላል ነው እንጂ፣ ብዙ ተለቅሶበታል። ቤተሰቡ ጉራጌ ነው፣ በመርካቶ የተከበረ ነው፤ እናቱም፣ ከሱቅ ሱቅ እየዞረች የምትዘፍን ልጅ ምራት ትሆነኛለች ብለው በሕልማቸውም አላሰቡም። ልጃቸው አሻፈረኝ ሲላቸው ተሸነፉ። ሲሸነፉ ግን አንድ ቃል አስገቡኝ፦ ዘፈኑ ከደጅ ይቀራል። ለጠየቃቸው ሁሉ «የጎንደር ነጋዴ ልጅ ናት» አሉ። እኔም ሚዛን ይዤ፣ ከደላላ ጋር እየተጨቃጨቅኩ፣ ውዬ አድሬ ነጋዴ ሆንኩ፤ ውሸታቸውን በግማሽ እውነት አደረግኩላቸው።

ክፉ ሴት አይደሉም። ስወልድ ያረሱኝ እሳቸው ናቸው፤ ባሌ ሲሞት እጄን ይዘው መሬት ላይ አብረውኝ ተኝተዋል። ማሲንቆ ግን የዚያን ቤት ደጃፍ አልፎ አያውቅም። ወንድሜ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ማሲንቆውን ጎረቤት አስቀምጦ ነው የሚገባው፣ ጃንጥላ እንደሚያስቀምጥ ሰው።

ለልጄ ሽማግሌ ስንልክ የልጅቷ ወገኖች «እናቱስ ከየት ናት?» ብለው ጠየቁ፣ ያው የተለመደው መልስ ተሰጣቸው። ሠርጉ ሲደርስ ልጄ «አጎቴ ካልመጣ አላገባም» ብሎ አኩርፎ ነበር። አልመጣም ያለው ወንድሜ ራሱ ነው። «ምን ትሠራለህ ሲሉኝ ምን ልበል? ልጁን በሰላም ዳሩት፣ እኔ ከሩቅ እመርቀዋለሁ» አለ። ከሩቅ መረቀው። አሁን ደግሞ የሙሽሪት አባት በራሱ እጅ ሊያመጣው ነው።

ሰውየው ከተራው ሲጠፋ ስልኬን ይዤ ወደ መጋዘኑ ገባሁ።

«እሁድ ሥራ አለህ?» አልኩት ወንድሜን።

«አለኝ። አንድ የእህል ነጋዴ ልጁን ድሮ መልስ ይደግሳል። ምነው?»

«ሙሽራው የኔ ልጅ ነው።»

ከወዲያ በኩል የታክሲ ረዳት ሲጣራ ይሰማኛል።

«ልቅር?» አለ በመጨረሻ።

ቢቀር ደስ ባለኝ። ግን ለድግስ ቃል ሰጥቶ የቀረ አዝማሪ በዚያ ሰፈር ዳግመኛ እንደማይጠራ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ለኔ ብሎ በቅንድቡ ድንጋይ የመለሰ ሰው እንጀራውንም ለኔ ብሎ እንዲያጣ አልፈቀድኩም።

«ቃል ሰጥተህ የለም እንዴ? ና» አልኩት።

«እንግዲያው እንደማላውቅሽ ሆኜ እዘፍናለሁ። ከዚህ የባሰም ሠርተናል። ግን የእናትየውን ወገን ምን ልበል?» አለኝ።

ጭንቁ እዚህ ጋ ነበር። ሙሽራ ሲሞገስ የአባቱ ቤት ይቀድማል፣ ከዚያ ዞሮ የእናቱ ወገን ይነሳል። መዝለል የለም። የእናትን ወገን የዘለለ አዝማሪ፣ እዚህ ጋ የሚደበቅ ነገር አለ ብሎ እንደጮኸ ይቆጠራል፤ እንግዳውም በሙሉ ዞሮ እናትየውን ነው የሚያየው።

«መጥቼ እጠይቅሻለሁ፣ እንደማንኛውም እንግዳ» አለኝ። «የነገርሽኝን እዘፍናለሁ። ነጋዴ ካልሽኝ አባታችንን ባለ ብዙ በቅሎ ሲራራ ነጋዴ አደርገዋለሁ።» ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። አልሳቅኩም፣ እሱም አልሳቀም።

ወደ ሱቁ ስመለስ አማቴ ሁሉንም ገምተው ጠበቁኝ።

«ነጋዴ ናቸው በይው» አሉኝ። «ያልነውን ነው የምንለው።»

«ቢያውቁስ፣ እትዬ?»

«እንዳያውቁ ነዋ!» እሳቸው ሲፈሩ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። «በአዝማሪነቱ ብቻ የሚጣሉን መሰለሽ? ዋሽተው ልጃችንን ወሰዱ ይሉናል። የዋሸሁት ደግሞ እኔ ነኝ። መርካቶ ቃሌን አምኖ ያለ ፊርማ ጆንያ ሲሰጠኝ ኖሯል፤ በዚህ ዕድሜዬ ውሸታም ልባል? ልጁስ በሚስቱ ፊት ምን ይሁን?»

ልክ ነበሩ፤ የባሰ ያናደደኝም ልክ መሆናቸው ነው። እስከ እሁድ ድረስ ማንም ደንበኛ ከእኔ ደህና ቃል አላገኘም። አንዷ ሴትዮ በርበሬውን አገላብጣ «ይሄ ያቃጥላል?» ብትለኝ «አይ፣ ይስማል!» ብያት ጥላኝ ሄዳለች።

እሁድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። በአንድ በኩል የሙሽሪት ወገኖች፣ ከሸዋ የመጡ ሽማግሌዎችና የእህል በረንዳ ባለሱቆች ተቀምጠዋል። በሌላው በኩል የእኛዎቹ፣ የባሌ አጎቶችና የአጎት ልጆች ናቸው። ዲጄው የጉራጌኛ ሲለቅ የእኛዎቹ ከወንበራቸው ተነሱ፣ ጭብጨባው የጠረጴዛ ብርጭቆ አንቀጠቀጠ። አማቴ በልጅነታቸው አገር ቤት ጭፈራ ያወጡ ነበር ይባላል። አሁንም ያ ጭብጨባ ሲነሳ እጃቸው አያስቀምጣቸውም። ያን ቀን ግን ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የአዳራሹን በር ነበር የሚያዩት። እኔም እዚያው አፍጥጫለሁ። ልጄ ከሙሽሪት አጠገብ ከፍ ብሎ ተቀምጦ እኔን ያያል። ሦስታችንም አንድ ሰው እየጠበቅን ነበር፣ ከሦስታችን በቀር ማንም አላወቀም።

ዲጄው ሲያቆም ወንድሜ ገባ። ነጭ የአገር ልብስ ለብሷል፣ ማሲንቆውን ደረቱ ላይ አቅፎታል። ከሩቅ ሳየው ሸምግሏል፤ ቤቴ ሲመጣ አይታየኝም ነበር። ደጋኑን ጭራው ላይ አንዴ ሳበው። ያ ድምፅ የአባቴ ድምፅ ነው። ማሲንቆው ራሱ የአባቴ ነው።

በደጋሹ ጀመረ። የሙሽሪትን አባት አሞገሰ፣ ጎተራውን አነሳ፣ ጤፉን አነሳ፣ ከሸዋ አያት ቅድመ አያቱን አነሳ። ሰውየው እንደ ልጅ ደስ አለው። ተነስቶ ከኪሱ አዲስ ብር መዘዘ፣ በምላሱ አርሶ የወንድሜ ግንባር ላይ ለጠፈው፣ እንግዳው አጨበጨበ። ወንድሜ ብሩን ግንባሩ ላይ እንዳለ ይዞ ዞረ። እኔ ዓይኔን ወደ ሳህኑ መለስኩ። ብር ግንባር ላይ መለጠፍ የሙያው ወግ ነው፣ ስንት ጊዜ አብሬው ስቄበታለሁ፤ ያን ቀን ግን አቃጠለኝ። የልጄ አጎት ነው። በወግ ቢሆን እላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ ሊመርቅ የሚገባው ሰው ነው።

ከዚያ ወደ እኛ ዞረ። የባሌን ቤት አነሳ፦

ደጁ ያስነጥሳል፣ ገበታው ያጠግባል፣
የቤቱን ቸርነት፣ ሚዛን መች ይችላል።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሙሽሪት አባት «እውነቱን ነው! ምስክር ነኝ!» እያለ አፍንጫውን ያዘ። ወንድሜ ቀጠለና ባሌን አነሳ፣ ለተጠማ ውሃ የሚያቀርብ ሰው ነበር አለ። ውሃውን ማን እንደጠጣው የምናውቀው እኔና እሱ ነን። አማቴ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እሳቸው በአዝማሪ ግጥም ሲያለቅሱ ሳይ በየት በኩል ልቁም፣ በየት በኩል ልፈር ግራ ገባኝ።

ማሲንቆው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ወንድሜ በጠረጴዛዎቹ መሀል ቀስ እያለ መጥቶ እፊቴ ቆመ። ዓይኑ ተከፍቷል። ሲዘፍን የሚጨፍነው ያ ሰው ዓይኑን ከፍቶ ያየኛል። ደጋኑን ሳያቋርጥ ጎንበስ አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎም፣

«እመቤቴ» አለኝ፤ «የአባትየውን ቤት አመስግነናል። የእርስዎን ወገን ማን ልበል?»

በሕይወቱ «አንቺ» እንጂ ሌላ ብሎኝ የማያውቅ ወንድሜ ነው እንዲህ የሚለኝ። ከጠረጴዛው ሥር የአማቴ እጅ ጉልበቴን ጨምቆ ያዘው። በርበሬ ሲቀነጥስ የኖረ እጅ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ያማል።

«ንገሪው እንጂ እህቴ!» አለ የሙሽሪት አባት ከወዲያ። «የጎንደር ሰው አይደለሽም እንዴ? አንድ ሁለት ጀግና ይጠፋል?» እንግዳው ሳቀ። ልጄ አልሳቀም። መልስ ስለቆየ ሳቁ እየሳሳ መጣ፤ አንድ ሁለት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ።

«ነጋዴ ናቸው» ብዬ አፌን ብከፍት በቂ ነበር። ወንድሜ ተቀብሎ እንደሚያሳምረው አውቃለሁ። በቅሎዎቹን ይደረድራል፣ አሞሌውን ይጭናል፣ አባታችንን አቧራ ለብሶ ከሩቅ አገር የሚመለስ ታላቅ ነጋዴ ያደርገዋል፣ አዳራሹም ያጨበጭባል። ያን ጊዜ ነው አባቴ እፊቴ ድቅን ያለው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው አባት ሲያነሳ፣ የሰው አያት ሲያሞግስ ኖሮ ሞተ። እሱን ግን ማንም በግጥም አንስቶት አያውቅም። አሁን የራሱ ልጅ፣ በራሱ ማሲንቆ፣ በማያውቀው ሰው ሊለውጠው ነው፤ የሚያስለውጠውም እኔ ነኝ። ንድድ አለኝ። በማን እንደሆነ አላውቅም፤ በሁሉም ላይ ነበር።

ተነሳሁ። የአማቴ እጅ ከጉልበቴ ወደቀ።

«ተቀበል!» አልኩት።

ወንድሜ ደነገጠ። ጭንቅላቱን በትንሹ ነቀነቀ፣ ተይ ማለቱ ነው። ደጋኑ ግን አልቆመም፤ ተቀበል የተባለ አዝማሪ ደጋን አያቆምም። ብዙ ዘመን ያልዘፈንኩበት ጉሮሮዬ በበርበሬ አቧራ ሻክሯል። በሻከረው ድምፄ ሰጠሁት፦

የሙሽራው አጎት፣ የት አለ ያላችሁ፣
ማሲንቆውን ይዞ፣ ቆሟል እፊታችሁ።

ለጥቂት ጊዜ ማንም የገባው አልመሰለኝም። ከዚያ ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ፣ ጠረጴዛ በጠረጴዛ ሲገባቸው አየሁ። የሙሽሪት እናት ብርጭቋዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ከሸዋዎቹ ሽማግሌዎች አንዱ ወደ ጎረቤቱ ጎንበስ ብሎ ሹክ አለው። የሙሽሪት አባት ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ፤ መጀመሪያ ወንድሜን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ አማቴን አየ። አማቴ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆየ።

ሁሉም መቀበሉን ነው የሚጠብቀው። ወንድሜ ደጋኑን ሳበ፣ አፉን ከፈተ፣ ድምፅ አልወጣም። እንደገና ሳበ። የአባቴ ልጅ፣ ስድቡን ሁሉ ሲቀበል የኖረ ሰው፣ አጎት መባሉን መቀበል አቃተው። ደጋኑ ጭራው ላይ ቆመ።

ልጄን አጠፋሁት ብዬ አሰብኩ። ሰው ሁሉ እያየ ትዳሩን አፈረስኩበት፣ አማቴን ውሸታም አስባልኩ፣ ወንድሜንም በሙያው አዋረድኩት።

አጠገቤ ጭብጨባ ሰማሁ። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያጨበጭበው፣ ረጋ ብሎ፣ በእኛ ቤት ጭብጨባ፣ ጉራጌ አገር ጭፈራ ሲጀመር እንደሚደረገው። ዞሬ ሳይ አማቴ ተነስተዋል። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዷል፣ እሱን የሚያነሱበት እጅ አልነበራቸውም፤ ሁለቱም እያጨበጨቡ ናቸው። እኔን አያዩም፣ የሙሽሪትን አባት ፊት ለፊት ያዩታል። በዚያ ጭብጨባ ላይ፣ ማሲንቆ በማያውቀው በራሳቸው ዜማ፣ ግጥሜን ተቀበሉ፦

የሙሽራው አጎት፣ የት አለ ያላችሁ፣
ማሲንቆውን ይዞ፣ ቆሟል እፊታችሁ።

ድምፃቸው ተሰብሯል፣ አማርኛውን በጉራጌኛ ለዛ ያጎብጡታል። ደገሙት። በሦስተኛው የባሌ አጎቶች ገቡበት፣ ብርጭቆዎቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ልጄ ከከፍታው ወርዶ እየሮጠ መጣ፣ አጎቱን ትከሻውን አቀፈው። ያኔ ነው ወንድሜ ደጋኑን ያነሳው። ማሲንቆው የአማቴን ዜማ እየፈለገ ትንሽ ተንገዳገደና አገኘው። ያን ቤት ገብቶ የማያውቅ ማሲንቆ የዚያን ቤት ጭብጨባ ተከትሎ ሄደ። እኔ እየጮህኩ አለቅስ ነበር፤ ኮራሁ፣ እንዲያ ኮርቼ አላውቅም፤ ፍርሃቱም እዚያው ነበር፣ አልለቀቀኝም።

ምክንያቱም የሙሽሪት አባት ተነስቷል። ወገኖቹ አያጨበጭቡም፣ እሱን ነው የሚጠብቁት። በእጁ ብር ይዟል፤ በልማዱ ነው የመዘዘው፣ መያዙንም የሚያውቅ አልመሰለኝም። በጠረጴዛዎቹ መሀል መጥቶ ወንድሜ ፊት ቆመ። ጭብጨባው ላላ። ወንድሜ እንደ ሙያው ደንብ ግንባሩን ዝቅ አደረገለት። የመጀመሪያው ብር አሁንም እዚያው ነበር፣ ከቅንድቡ ጠባሳ በላይ።

ሰውየው እጁን ዘርግቶ ያንን ብር ከወንድሜ ግንባር ላይ ላጠው። ሁለቱንም ብሮች አጣጥፎ ኮቱ ኪስ ከተተ።

«የአማች ግንባር ላይ ብር አይለጠፍም» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አለ፣ ሌላም ነገር አለ። «ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ አድርጌዎታለሁ። ሳላውቅ ነው።» ወደ አማቴ ዞረ። «እማማ፣ እርስዎ ግን ያውቁ ነበር። ነገ ሱቃችሁ እመጣለሁ። እያስነጠስኩም ቢሆን እንነጋገራለን።»

«ና» አሉት አማቴ፣ አንገታቸውን ሳይሰብሩ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። እኔን ትጠይቀኛለህ።»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፣ ወደ አስተናጋጆቹ ዞሮም «ወንበር አምጡ!» አለ። ወንድሜን ከሽማግሌዎቹ ተርታ አስቀመጡት።

የተባለው ሁሉ በማግስቱ ተባለ፣ ቀላልም አልነበረም። አሁን የማስታውሰው ግን ወንድሜን ነው። ዕድሜውን ሙሉ ድግስ ላይ ሲቆም የኖረ ሰው ነው፤ መቀመጡ አልሆነለትም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ማሲንቆውን በጉልበቶቹ መሀል ይዞ፣ የቀረበለትን ሳህን ያያል፣ እጁ ግን አይሄድም። አማቴ ያዩታል። ተነስተው አጠገቡ ሄዱና ማሲንቆውን ከእጁ ወሰዱ። በየት በኩል እንደሚያዝ አያውቁም፤ አገላብጠው አዩት፣ ከዚያ ከጎኑ ተቀምጠው ጭናቸው ላይ አጋድመው በነጠላቸው ሸፈኑት።

«እኔ እይዝልሃለሁ» አሉት። «አንተ ብላ።»